ዘመነ ሉቃስና የእኔ ኮድ

ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ዓ.ም. ሰኞ ነበር። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ፣ እኔ ገና ከአልጋዬ ሳልወርድ፣ የጻፍኩት ፕሮግራም ለ17 የዕድራችን አባላት የስልክ መልእክት ላከ። መልእክቱ እንዲህ ይላል፦ «የ2015 ዓ.ም. መዋጮዎን ስላላጠናቀቁ ከዛሬ መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ከዕድሩ አገልግሎት ታግደዋል።» መስከረም ግን አልጠባም። ዓመቱ ሊያልቅ አንድ ሙሉ ቀን ቀርቶት ነበር። መልእክቱ ከደረሳቸው ቤቶች በአንደኛው ደግሞ በዚያው ሌሊት እናት አርፈው፣ ልጆቹ ዕድር እስኪደርስላቸው በር በሩን እያዩ ነበር።

ያን ጊዜ 52 ዓመቴ ነው። ኮድ መጻፍ ከጀመርኩ 2 ዓመት አልሞላኝም። «በዚህ ዕድሜሽ ምን አስነካሽ?» የሚለው ቃል ከሰው አፍ ሳይወጣ ከራሴ ሆድ ወጣ። ስሕተቱ የዕድሜዬ ነው ወይስ የሌላ ነገር? ይህን ጥያቄ ይዤ ብዙ ከርሜአለሁ።

ነገሩ የጀመረው በ1 ሳንቲም ነው። በአንድ የንግድ ድርጅት ውስጥ 26 ዓመት የሒሳብ መዝገብ ይዣለሁ። ድርጅቱ አዲስ የሒሳብ ሶፍትዌር ባስገባበት ዓመት ደረሰኞቹን ሳመሳክር፣ የየመስመሩ የተጨማሪ እሴት ታክስ ሲደመር ከጠቅላላው 15 በመቶ ጋር በ1 ሳንቲም፣ አንዳንዴም በ2 ሳንቲም አልገጥም አለኝ። ሶፍትዌሩን የተከሉትን ወጣቶች ጠራኋቸው። «ማዘር፣ 1 ሳንቲም እኮ ነው» አሉኝ። ለሒሳብ ሰው ግን 1 ሳንቲም የጎደለውም መዝገብ፣ 1 ሚሊዮን ብር የጎደለውም መዝገብ ያልተዘጋ መዝገብ ነው። እንዲያውም ትንሹ የበለጠ ያስፈራኛል። ትልቅ ጉድለት ራሱ ይጮኻል፤ በትንሹ ሥር ግን ሁለት ትልልቅ ስሕተቶች ተጣፍተው ተኝተው ሊሆን ይችላል። ልጆቹ ማብራሪያቸውን ለእኔ ሳይሆን ለአለቃዬ ሰጥተው ሄዱ። ያን ዕለት ማታ ልጄን «ይህን ነገር ከውስጡ ማየት አለብኝ» አልኳት።

ምክንያቱን ያገኘሁት ከወራት በኋላ ነው። ፕሮግራሙ የእያንዳንዱን መስመር ታክስ ካሰላ በኋላ ወደ ሳንቲም ያጠጋጋል። በጠቅላላው ላይ የሚያጠጋጋው ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እየተጠጋጉ የተደመሩ ቁጥሮችና ተደምሮ የተጠጋጋ ቁጥር ሁልጊዜ አይገናኙም። ከዚያ በታች ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ኮምፒውተር የሚቆጥረው በ0 እና በ1 ብቻ ስለሆነ 0.1ን በልኩ ሊይዘው አይችልም። ፓይተን በሚባለው ቋንቋ 0.1 እና 0.2ን ደምር ብትሉት የሚመልስላችሁ 0.30000000000000004 ነው። ይህን በዐይኔ ያየሁ ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። መድኃኒቱ ብርን ትቶ በሳንቲም መቁጠር፣ ማለትም 12 ብር ከ50ን 1250 አድርጎ መያዝ ነው። ይህን ማንም ሳይነግረኝ ደረስኩበት፤ ምክንያቱም የቁጥር ጉድለት ሲያሳድደኝ ነው የኖርኩት።

ለመማር ግን መጀመሪያ መግባት ያስፈልጋል። ማሠልጠኛ ፍለጋ ወጣሁ። ያገኘሁት ቦታ የመመዝገቢያ ቅጽ፣ የትውልድ ዓመት ዝርዝሩ የሚጀምረው ከ1980 ነው። እኔ የተወለድኩት በ1963 ነው። ወደ ላይ ብወጣ ወደ ታች ብወርድ የእኔ ዓመት የለም፤ ሳይሞላ ደግሞ አያሳልፍም። 1980ን መረጥኩ። ዕድሜዬን ዋሽቼ አላውቅም ነበርና ቀኑን ሙሉ ከነከነኝ። ቅጹን የሠራው ሰው ክፉ ነው አልልም። ዝርዝሩን ሲጽፍ ከዚያ በፊት የተወለደ ሰው ወደዚህ በር ይመጣል ብሎ አላሰበም፤ በቃ ይኸው ነው። ስለ ዕድሜና ስለ ኮድ ሲወራ ሁሉም ስለ አንጎል ያወራል። እኔን መጀመሪያ ያቆመኝ ግን አንጎሌ አልነበረም፤ አንድ ሰው በችኮላ የጻፈው የቁጥር ዝርዝር ነው። በመጀመሪያው ቀን ደግሞ ጥበቃው እጁን ዘርግቶ «እናቴ፣ ወላጅ ውጭ ነው የሚጠብቀው» አለኝ። የመመዝገቢያ ደረሰኜን አሳየሁት፤ ይቅርታ ጠይቆ አስገባኝ።

ክፍሉ ውስጥ ያየሁትን በሐቅ ልናገር። ልጆቹ ፈጣን ናቸው። አስተማሪያችን 24 ዓመቱ ነው፤ ጣቱ ቁልፎቹ ላይ ሲሄድ ዐይኔ አይከተለውም። እነሱ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ሠርተው ጠዋት ይመጣሉ፤ እኔ ከምሽቱ 4 ሰዓት ካለፈ የጻፍኩትን መስመር ሦስት ጊዜ ካላነበብኩ አይገባኝም። መነጽሬን ለስክሪን አንድ፣ ለወረቀት አንድ ማድረግ ነበረብኝ። ይህ የዕድሜ ነው፤ አልክድም። ከዕድሜ በላይ ያስቸገረኝ ግን እንግሊዝኛው ነው። ፕሮግራሙ ስሕተት ሲያገኝ የሚናገረው በእንግሊዝኛ ነው፤ ልጆቹ በሰከንድ ያነቡታል፣ እኔ መዝገበ ቃላት እገልጣለሁ። ብዙ ሰው ይህን ዐይቶ «አረጀች» ይላል። ቋንቋ አለመልመድና ማርጀት ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ከልጆቹ ይልቅ የሚቀናኝም ነበር። ኮድ ጽፎ ሲጨርስ አብዛኛው ክፍል አንዴ ከሠራ «ሠራ!» ብሎ ይዘጋል። እኔ ከሠራ በኋላ ነው የምጀምረው። ዴቢትና ክሬዲት እኩል ሳይሆኑ ቤቱ ገብቶ የማይተኛ ሰው፣ የፕሮግራምንም ውጤት በሌላ መንገድ አስልቶ ሳያስታርቅ አያምነውም። አስተማሪያችን ይህን ሲያይ «ማዘር፣ ይሄን እኮ ለዓመታት የሠሩ ናቸው የሚያደርጉት» አለኝ። ያ ቃል ለብዙ ወር ስንቅ ሆነኝ።

ታዲያ ያን ሁሉ የማስታረቅ ልማድ ይዤ ጳጉሜ 6ን እንዴት ሳትኩ?

በ2014 ሐምሌ ላይ የዕድራችንን መዝገብ ወደ ኮምፒውተር ላስገባ ብዬ ተነሣሁ። 143 ቤት ነን። ቨርጂኒያ ያለችው እኅቴ የላከችልኝ አሮጌ ማክቡክ ነበረኝ። ፕሮግራሙ የየወሩን መዋጮ ይመዘግባል፣ ውዝፉን ያሰላል፣ በደንባችን መሠረት እስከ ጳጉሜ የመጨረሻ ቀን ላልከፈለ መልእክት ይልካል። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የፈረንጆቹን ቀን ስለሆነ ወደ እኛ መመለስ ነበረብኝ። መስከረም 1ን ሴፕቴምበር 11 አድርጌ ከዚያ ቆጠርኩ። ለጥንቃቄ ብዬ ጎረቤታችንን፣ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪውን አስነበብኩት፤ 20 ዓመቱ ነው፣ ጎበዝ ልጅ ነው። መስመር በመስመር አንብቦ ሁለት ስሕተት አወጣልኝና «አሁን ንጹሕ ነው፣ እትዬ» አለኝ። በ2015 መባቻ ሞከርነው፤ ሴፕቴምበር 11 ላይ በትክክል እንቁጣጣሽ አለ። ዓመቱን ሙሉም አልሳተም።

ያን ሰኞ ጠዋት በሬን ያንኳኩት የዕድሩ ጸሐፊ ናቸው። 78 ዓመታቸው ነው። ስልካቸውን አልያዙም፤ የያዙት ጥቁሩን መዝገባቸውን ነው። ቁጣ አልነበረባቸውም።

«ልጄ፣ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» አሉኝ።

ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ ቀና ብዬ አየሁ። ጳጉሜ 6 ይላል። እግሬ ተብረከረከ።

«ማሽኑ መስከረም 1 ነው ብሎ...»

«ማሽኑ ዘመኑን አላወቀም። ዘመነ ሉቃስ እኮ ነው። ነይ፣ መጀመሪያ ለቅሶ ቤት እንሂድ፤ ሒሳቡን ኋላ እናያለን።»

ለቅሶ ቤቱ ስንደርስ ድንኳኑ ገና አልተተከለም። ትልቁ ልጃቸው በሩ ላይ ስልኩን እንደያዘ ቆሟል። ጮኾ አልተናገረኝም፤ ቢጮኽብኝ ይሻል ነበር። «እናታችን 31 ዓመት ሙሉ ከፍላለች» አለኝ። ከኪሱ ፖስታ አወጣ፤ የቀረው የ4 ወር መዋጮ፣ 400 ብር፣ ተቆጥሮ ተቀምጧል። በዓመቱ መጨረሻ ቀን፣ በዚያው ሰኞ ሊከፍሉ ነበር። ሌሊቱን ግን ከበሽተኛዋ አጠገብ ሲያነጉ አደሩ። «ስሕተቱ የእኔ ነው፤ ዕድሩ አላለም፣ እኔ ነኝ ያልኩት» አልኩ። ከዚያ በላይ ቃል አልነበረኝም። ጸሐፊው መዝገባቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ደረሰኝ ቆረጡ፤ ቀኑንም ቀስ ብለው በትልልቅ ፊደል ጻፉት፦ ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ዓ.ም.። ከዚያ ጡሩምባ ነፊውን ላኩ። ድንኳኑ በ3 ሰዓት ተተከለ። እኔ ለቀሩት 16 ቤቶች አንድ በአንድ ደወልኩ። በጽሑፍ የተላከ ስድብ በጽሑፍ ይቅርታ አይሻርም ብዬ ነው።

ማታ ጸሐፊው ቤቴ ቁጭ ብለው አስረዱኝ። «5500 ዓመተ ኩነኔ፣ በላዩ 2015 ዓመተ ምሕረት። ስንት ሆነ?» 7515። «ለ4 ክፈይው።» 1878 ደርሶ 3 ተረፈ። «1 ቢተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ቢተርፍ ማርቆስ፣ 3 ቢተርፍ ሉቃስ፣ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ ነው። ሉቃስ ጳጉሜን 6 ያደርጋል።» አላቆሙም። «አሁን የነገውን ዓመት ያዢ። 7516። ሩቡ 1879። ደምሪያቸው።» 9395። «ለ7 ግደፊው።» 1 ተረፈ። «ምንም ካልተረፈ ሰኞ፣ 1 ከተረፈ ማክሰኞ። እንግዲህ መስከረም 1 ማክሰኞ ነው፤ ዛሬ ሰኞ ነው። ማሽንሽ ይህን አንድ ጥያቄ ራሱን ቢጠይቅ ኖሮ ይነቃ ነበር።»

ዝም ብዬ አየኋቸው። በኮድ ውስጥ ቀሪን የምታወጣ አንዲት ምልክት አለች፤ ማሠልጠኛው ውስጥ እሷን ለመረዳት ሁለት ቀን ወስዶብናል። እሳቸው በልጅነታቸው አብነት ትምህርት ቤት በጣታቸው አንጓ የተማሩት የዘመን ስሌት፣ ባሕረ ሐሳብ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ በቀሪ የሚሠራ ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ የነገሩኝ ነገር የፕሮግራመር ነገር ነው፦ ውጤቱን በሌላ መንገድ ፈትኚው። እኔ ሳንቲሙን በሁለት መንገድ አስታርቄ፣ ቀኑን ግን በአንድ መንገድ ብቻ አምኜው ነበር። መስከረም 1 ከፈረንጆቹ ባለ366 ቀን ዓመት በፊት ባለው ሴፕቴምበር ወደ 12 እንደሚዞር የ20 ዓመቱም ልጅ፣ የ52 ዓመቷም ሴት አላሰብንም። ኮድ ነክተው የማያውቁት የ78 ዓመቱ ሰው ናቸው ያሰቡት።

ይህን ካየሁ በኋላም ሳምንቱን ሙሉ ላፕቶፑን አልከፈትኩትም። ሥራ ቦታ አንድ ባልደረባዬ «ይሄ የልጆች ነገር ነው» ሲለኝ ዝም አልኩ። ማስረጃ አያጣም፤ ሊነስ ቶርቫልድስ ሊነክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት ሲጀምር 21 ዓመቱ ነበር። የእኛዋ ቤተልሔም ደሴ ሐረር ውስጥ በአባቷ ሱቅ ከኮምፒውተር ጋር የተዋወቀችው ገና በ9 ዓመቷ ነው። እነዚህን ስሰማ ደስ ይለኛል። ልጅነት የሚሰጠው ነፃ ጊዜና አለመፍራት እውነተኛ ሀብት ነው።

ወደ ኮዱ የመለሰኝ አንድ ሌላ ጉድለት ነው። ተማሪው ጎረቤቴ የአባላቱን ስም በዓምድ ለማስተካከል አውክ የሚባለውን መሣሪያ አሳይቶኝ ነበር። ዓምዱ ግን ይጣመማል። «ሰላም» የሚለውን ስንት ፊደል ነው ብዬ ስጠይቀው 9 አለኝ። ጥፋቱ የእኔ መስሎኝ ለቀናት ፈለግሁ። ምክንያቱ እንዲህ ነው፦ ኬን ቶምፕሰንና ሮብ ፓይክ በ1992 እ.ኤ.አ. ኒው ጀርሲ ውስጥ አንድ ምግብ ቤት ማታ ተቀምጠው ዩቲኤፍ-8 የሚባለውን የፊደል አጻጻፍ ስልት ነደፉ። በዚያ ስልት የላቲን ፊደል 1 ባይት ይይዛል። በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ወደሚባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ የገቡት የእኛ ፊደላት ግን እያንዳንዳቸው 3 ባይት ይይዛሉ። አሮጌው አውክ የሚቆጥረው ባይት እንጂ ፊደል ስላልሆነ ሦስቱን ፊደል 9 አላቸው።

ማን አስተካከለው ብዬ ስከታተል የደረስኩበት ስም ብራያን ከርኒገን ነው። አውክን በ1977 እ.ኤ.አ. ከሠሩት ከሦስቱ አንዱ ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. የ45 ዓመት ዕድሜ ያለውን ኮድ ራሱ ከፍቶ ዩኒኮድን አስገባበት። ያኔ 80 ዓመቱ ነበር። ጎረቤቴ አዲሱን አውክ ማክቡኬ ላይ ጫነልኝ፤ «ሰላም» 3 ሆነ። የ143 ቤት ስም ቀጥ ብሎ ተሰለፈ። አንድ የ80 ዓመት ሰው ፕሪንስተን ተቀምጦ የሠራው ሥራ የእኛን ዕድር መዝገብ እንዳቀና ሳስብ ዐይኔ እንባ አቀረረ።

ቶምፕሰንም ዩቲኤፍ-8ን ሲነድፍ 49 ዓመቱ ነበር። ዩኒክስን የሠራው በ26 ዓመቱ ነው፤ ጎ የሚባለውን ቋንቋ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ሲያወጣ ደግሞ 66 ዓመት ሆኖት ነበር። ግሬስ ሆፐር ፕሮግራም የሚያዘጋጅ ፕሮግራሟን በ1952 እ.ኤ.አ. ስታወጣ 45 ዓመቷ ነው። ከአሜሪካ ባሕር ኃይል በጡረታ የተሰናበተችው በ79 ዓመቷ ነበር። ከሁሉም ልቤ የሚሄደው ግን ወደ ጃፓናዊቷ ማሳኮ ዋካሚያ ነው። ባንክ ስትሠራ ኖራ ጡረታ ወጣች፣ በ2017 እ.ኤ.አ. በ81 ዓመቷ ለአይፎን ጨዋታ ሠርታ አወጣች። ጨዋታው የልጃገረዶች በዓል አሻንጉሊቶችን በየደረጃቸው ማስቀመጥ ነው። የትኛው አሻንጉሊት የት እንደሚቀመጥ ጠንቅቃ ታውቃለች፤ ሥራዋ የቆመው በዚያ ዕውቀት ላይ ነው።

በ2013 እ.ኤ.አ. የኖርዝ ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተመራማሪዎች ስታክ ኦቨርፍሎው በሚባለው የጥያቄና መልስ ድረ ገጽ ላይ የሚመልሱ ፕሮግራመሮችን ነጥብ ከዕድሜያቸው ጋር አስተያይተው ነበር። ነጥቡ እስከ 50ዎቹ ድረስ ሲጨምር አገኙት። ይህን ለባልደረባዬ ነገርኩት። እኔ ራሴ ግን እንደ መከራከሪያ አልያዝኩትም፤ በ50 ዓመቱ መልስ የሚሰጠው ሰው አብዛኛውን ጊዜ በ25 ዓመቱ የጀመረ ነው። እንደ እኔ በ50 ስለሚጀምር ሰው አይናገርም። ስለ እኔ የሚያውቀው የራሴ ሥራ መዝገብ ብቻ ነው። መዝገቡ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ ተማሪው ጎረቤቴ ያወጣቸውን ሁለት ስሕተቶች እኔ አላየሁም፤ ሳንቲሙን እሱ አላየም፤ ቀኑን ሁለታችንም አላየንም። እጄ ከእሱ ይዘገያል፤ ነገር ግን መዋጮ፣ ውዝፍና ቅጣት ምን እንደሆኑ፣ ሰው ቤት ሲደርሱ ምን እንደሚያደርጉ እሱ ገና ሊማር ነው። እኔም ያን ሰኞ ነው የተማርኩት።

ኮዱን እንደገና ጻፍኩት። አሁን ቀኑን በሁለት መንገድ ያሰላል፤ አንዴ ከኮምፒውተሩ ሰዓት፣ አንዴ በጸሐፊው የባሕረ ሐሳብ ስሌት። ሁለቱ ካልተስማሙ ምንም መልእክት አይልክም፤ እኔን ይጠራኛል። የእገዳ መልእክትንም ከነአካቴው አወጣሁት፤ ይህን ሰው ለሰው ይናገረዋል ተብሎ በስብሰባ ተወሰነ።

ጸሐፊው አንድ ቅዳሜ መጥተው «አጽዋማቱንስ ያወጣል?» አሉኝ። አያወጣም ነበር። እሳቸው እየነገሩኝ እኔ ጻፍኩት፦ ዓመተ ዓለሙን ለ19፣ ከቀሪው 1 ሲነሣ ወንበር፣ ወንበር በ19 ሲባዛ መጥቅዕ፣ ከ30 በላይ ሲሆን እየገደፉ። ለ2016 ጠየቅነው። ነነዌ የካቲት 18፣ ፋሲካ ሚያዝያ 27 አለ። መዝገባቸውን ገልጠው አዩ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ «1937ን በይው» አሉኝ። የተወለዱበት ዓመት ነው፤ እናታቸው በፋሲካ ማግስት ወለድኩህ ይሏቸው ነበር። ቁልፉን ሳልጫን በጣታቸው አንጓ ቆጥረው «ሚያዝያ 28» አሉ። ተጫንኩት፤ ሚያዝያ 28 ብሎ መለሰ።

መነጽራቸውን አውልቀው ስክሪኑን ጠጋ ብለው አዩት። «ልክ ነው። ግን እንዴት እንደደረሰበት አላሳየኝም። መጥቅዑን፣ አበቅቴውን፣ መባጃ ሐመሩን በተራ ይጻፍልኝ፤ ፊደሉንም አተልቂው» አሉኝ። ቡናው እስኪፈላ ድረስ ኮዱን መልሼ ከፈትኩት።